ርካሽ ኪራይ፤ የቀበሌ ቤት ታሪክ በአዲስ አበባ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በታወጀ ጊዜ፣ ከአዲስ አበባ ነዋሪ ከግማሽ የሚበልጠው በሰው ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። ወር በገባ ቁጥር ኪራዩን ይከፍላል፤ አከራዩ ዋጋ ሲጨምርበት ወይም «ቤቱን ለዘመዴ ፈልጌዋለሁ» ሲለው ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ሌላ ሠፈር ይፈልጋል። አዋጁ በተነገረ ማግስት ያው ተከራይ በዚያው ቤት፣ በዚያው አልጋ ላይ አድሮ ተነሣ። የተለወጠው የሚከፍለው ገንዘብ መጠንና ገንዘቡን የሚቀበለው እጅ ነበር። «የቀበሌ ቤት» የሚባለው የኑሮ ዓይነት የተወለደው በዚህ ሁኔታ ነው። አዲስ አበባ የቤት ኪራይን ውድነት በአንድ አዋጅ እንዴት እንዳቃለለች፣ የቤትን እጥረት ግን በዚያው መንገድ እንዴት እንዳከበደችው ለመረዳት የዚህን ቤት ታሪክ ከነጣራው ከነግድግዳው መመልከት ያሻል።

ከተማይቱ ስትቆረቆር አስቀድሞ የተተለመ መንገድም ሆነ የተሸነሸነ ቦታ አልነበራትም። ዳግማዊ ምኒልክ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ ቦታ ሲመሩ፣ ሹሙ በተመራው ጉብታ ላይ አዳራሹን ይተክላል፤ ወታደሩ፣ አሽከሩና ባለ እጁ በዙሪያው ጎጆውን ይቀልሳል። ደጃች ውቤ ሠፈር፣ ራስ ብሩ ሠፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሠፈር እያልን እስከ ዛሬ የምንጠራቸው ሥፍራዎች የዚህ አሠፋፈር ምልክቶች ናቸው። የማገዶና የግንድ እጦት ከተማይቱን ሊያስለቅቃት በተቃረበ ጊዜ ባሕር ዛፍ ደረሰላት። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ቀጥ ያለ ነው፤ ርካሽ ነው። ከእርሱ ምሰሶ፣ ማገርና ወራጅ፣ ከምድሪቱ ጭቃ፣ ከገበሬው ጭድ ተዋሕደው የአዲስ አበባን ቤት ሠሩት። ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የቆርቆሮ ክዳን የሣሩን ቦታ እየወሰደ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዘመን የግድግዳው ነገር አልተለወጠም። በ1987ቱ የሕዝብና ቤት ቆጠራ እንኳ ከከተማይቱ አምስት ቤቶች አራቱ ያህል ግድግዳቸው እንጨትና ጭቃ ነበር።

ቦታው ግን ርካሽ አልነበረም፤ ከጥቂት ሰዎች እጅም አልወጣም። ከአብዮቱ በፊት በነበረው ዐሥር ዓመት ከከተማይቱ መሬት ከግማሽ በላዩ ከሁለት ሺህ በማይበልጡ ትላልቅ ባለይዞታዎች ስም የተያዘ ነበር። አዲስ መጪው ሠራተኛ ቦታ ገዝቶ ቤት የመሥራት ተስፋ ስላልነበረው ክፍል ይከራያል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። የሚያከራየው ሁሉ ባለ ብዙ ጋሻ መሬት መኰንን አልነበረም። ባሏ የሞተባት ሴት ጠላ ሽጣ ባጠራቀመችው ገንዘብ ከዋናው ቤቷ ጀርባ ሁለት ሦስት ክፍል በጭቃ አሠርታ ታከራይ ነበር፤ የጡረታ አበሉ የማይበቃው አሮጌ ወታደርም እንዲሁ። ለዝቅተኛው ነዋሪ የሚሆነውን ክፍል እያበጀ ያቀርብ የነበረው በአብዛኛው ይኸኛው ወገን ነው። ክፍሎቹ ጠባብና ጨለማ ነበሩ፤ ውኃም መጸዳጃም የተሟላላቸው ጥቂቶች ናቸው። ሆኖም ከተማይቱ በሰው ቁጥር እያደገች ስትሄድ ክፍሎቹም ከእርሷ ጋር ይበዙ ነበር።

መንግሥት ራሱ ቤት ሠርቶ የማከራየት ሐሳብ ለአዲስ አበባ እንግዳ ነው ለማለት አይቻልም። ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ያሠሯቸው ቤቶች በአሠሪው ተቋም ምሕጻረ ቃል «ካዛ ኢንቺስ» ይባሉ ስለ ነበር፣ ሠፈሩ ካዛንቺስ ተብሎ ቀረ። ለዝቅተኛ ሠራተኞቻቸው የታሰበው «ካዛ ፖፖላሬ» ደግሞ ፖፖላሬ የሚባለውን ስም አተረፈ። ስማቸው ከሠሪዎቻቸው ዕድሜ እጅግ የበለጠ ቤቶች ናቸው። ከነጻነት በኋላ ግን የአገሪቱ መንግሥት ለተራው ሕዝብ የኪራይ ቤት መሥራትን ዋና ተግባሩ አላደረገውም ነበር።

አዋጅ ቁጥር 47 የመጣው በዚህ ላይ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ ነበርና፣ ከአምስት ወር ያህል በኋላ ተራው የከተማ ሆነ። በአዋጁ መሠረት የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያው ከ500 ካሬ ሜትር በማይበልጥ ቦታ ላይ አንድ ቤት እንዲይዝ ተፈቀደ፤ ከዚያ የተረፈው ቤት ተወረሰ። ግለሰብ ቤት ማከራየት ተከለከለ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በየሠፈሩ ለተቋቋሙት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌዎች ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሚከራዩት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሆኑ። ኪራዩም ተቀነሰ። ቅናሹ በዝቅተኛዎቹ ቤቶች ላይ እስከ 50 በመቶ ሲደርስ፣ ከፍ ባሉት ላይ እስከ 15 በመቶ ዝቅ ይል ነበር።

ለተከራዩ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ትልቅነቱንም ዛሬ ማሳነስ አይገባም። ሃያ ብር ይከፍል የነበረ የቀን ሠራተኛ ዐሥር ብር ከፈለ ማለት፣ ለጤፍ፣ ለልጆች ደብተርና ለእድር የሚሆን ገንዘብ በኪሱ ቀረ ማለት ነው። ከዚህም በላይ የሚያስወጣው ሰው ጠፋ። ተከራይነቱ በሕግ ባለቤትነት ባይሆንም በልማድ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሸጋገር ሆነ። በብዙ የዓለም ከተሞች ሠራተኞች ለብዙ ዓመት የታገሉለት የኪራይ ዋስትና በአዲስ አበባ በአንድ ክረምት ተገኘ።

ነገር ግን የቤት ኪራይ ለአንዱ ወጪ ሲሆን ለሌላው ማደሻ ነው። የጭቃ ቤት ጠባይ በተለይ ይህን ያስገድዳል። ምርጊቱ ክረምት በመጣ ቁጥር ይራገፋል፤ ከመስከረም በኋላ ጭድ በተቦካበት ጭቃ ካልተመረገ ማገሩ ይገለጣል። ምሰሶው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ሥሩ ይበሰብሳል፤ ምስጥ ይበላዋል። ምሰሶው ሲዘም ወራጁ ይከተላል፤ ወራጁ ሲጎብጥ ቆርቆሮው ከሚስማሩ ይላቀቃል፤ በላላው ቀዳዳ የገባው ዝናብ ተመልሶ ግድግዳውን ያጥባል። በጊዜው አንድ ምሰሶ ቢለወጥ የሚድነው ቤት፣ ሦስት ክረምት ችላ ቢባል በጠቅላላው ይጎብጣል። ስለዚህ የጭቃ ቤት ርካሽነቱ በሚሠራበት ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ዘወትር እጁን ከእርሱ ላይ እንዳያነሣ የሚፈልግ ቤት ነው። የቀድሞዋ አከራይ ሴት ይህን ታውቅ ነበር፤ ቤቱ ቢወድቅ የሚቀርባት የዕለት ጉርሷ ስለ ነበር ምርጊቱን በየዓመቱ ታስመርግ ነበር።

ቀበሌው በእርሷ ቦታ ሲተካ የተረከበው ያረጁ ክፍሎችንና በግማሽ የተቆረጠ ኪራይ ነበር። ከዚያችም ገንዘብ የጽሕፈት ቤቱን ወጪና ሌላውንም የሠፈሩን ጉዳይ ሊሸፍን ይፈለግ ነበር። ዐሥር ብር በወር የሚከፈልበት ቤት በዓመት 120 ብር ያስገባል፤ ጣራው ቢያፈስ ግን ለጥቂት ቅጠል ቆርቆሮ፣ ለእንጨትና ለአናጢ የሚወጣው ከዚህ ይበልጣል። ደግሞም የዕቃ ዋጋ በየዓመቱ ሲጨምር ኪራዩ ባለበት ቆመ። ተከራዩ በበኩሉ ቤቱን ከኪሱ ለማደስ ይፈራል፤ ፈቃድ ከቀበሌ መጠየቅ አለበት፤ ቢፈቀድለትም ያወጣው ገንዘብ በቤቱ ላይ መብት አይሰጠውም። እንዲህ ሆኖ አስተዳዳሪው የማይችለውን፣ ተከራዩ የማይደፍረውን ቤት ክረምቱ ብቻውን ይሠራበት ጀመር። በዚህ ረገድ ቀበሌዎችን በስንፍና መክሰስ የተለመደ ነው፤ ሒሳቡን ላስተዋለ ሰው ግን ትጉሁም ቀበሌ ሰነፉም ቀበሌ የሚደርሱበት ውጤት ብዙ አይለያይም ነበር። አንዳንድ ቀበሌዎች ከውጭ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ጋር ተባብረው የጋራ መጸዳጃና የውኃ ቦኖ፣ የተነጠፈ መተላለፊያ ለማግኘት በቅተዋል፤ በ1970ዎቹም በዓለም ባንክ ብድር በተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሠፈር ማሻሻያ ሥራ ተሞክሯል። ሆኖም ወደ ሦስት መቶ ከሚጠጉት የከተማይቱ ቀበሌዎች አንጻር ሥራው ጥቂት ነበር።

ሁለተኛው መዘዝ ከመጀመሪያው ይበልጥ የተሰወረ ነው። ግለሰብ እንዳያከራይ በመከልከሉ ከዋናው ቤት ጀርባ የሚቀጠለው ክፍል መበጀቱን አቆመ። ቤት የሚሻ ሰው ቦታ በነጻ ሊመራ፣ ከቤቶችና ቁጠባ ባንክ ሊበደር፣ ከባልንጀሮቹ ጋር የቤት ሠሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊያቋቁም ይችል ነበር። ደመወዝተኛው፣ በተለይም ቋሚ ገቢ የነበረው የመንግሥት ሠራተኛ፣ በዚህ መንገድ ብዙ ቤት ሠራ፤ የማኅበር ቤቶች የሚባሉት ሠፈሮች የዚያ ዘመን ፍሬ ናቸው። የቀን ሠራተኛው፣ ጉሊት ተቀማጯና ከገጠር የመጣው ወጣት ግን ለባንክ የሚያሳየው ደመወዝ አልነበረውም። እርሱ የሚያስፈልገው የሚከራይ አንድ ክፍል ነበር፤ የሚያከራይ ደግሞ በሕግ የለም።

ከተማይቱ ግን ማደጓን አላቆመችም። በ1976ቱ ቆጠራ ሕዝቧ 1,423,111 ነበር፤ በ1987ቱ 2,112,737 ሆነ። የጨመረው ሰው የት ገባ ቢባል፣ አብዛኛው እዚያው ጥንት በነበሩት ቤቶች ውስጥ ነው። ያገባው ልጅ ከእናቱ ክፍል በመጋረጃ ይለያል። ከጣራው ሥር ቆጥ ይሠራና ልጆች በመሰላል ወጥተው ይተኛሉ። ዘመድ የተባለ ደባል ይገባል፤ ዘመድነቱ አንዳንዴ በወር በሚከፍለው ገንዘብ የተመሠረተ ነው። በግቢው ባዶ ቦታ ላይ በላስቲክና በአሮጌ ቆርቆሮ ማእድ ቤት ይቀጠላል፤ ማእድ ቤቱ ውሎ አድሮ መኝታ ይሆናል። አንድ መጸዳጃ ለአምስት ቤተሰብ ተቆፍሮ ከነበረ ለዐሥር ያገለግላል። የኪራዩ ወረቀት ላይ ስማቸው የሰፈረው ሰዎች ቁጥር አልተለወጠም፤ በቤቱ ውስጥ የሚተነፍሱት ግን በእጥፍ በዙ። ቤት ርካሽ ነው፣ ቤት ግን የለም የሚባልበት ዘመን ነበር።

በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ቤት ሠርቶ ማከራየትና መሸጥ ተፈቀደ፤ መንግሥት ከተለወጠ በኋላም ይኸው ቀጠለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 80 የከተማ ቦታን በዘመን በተወሰነ ኪራይ ለተጠቃሚ ማስተላለፍን አመጣ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ግን ማንም አልነካውም፤ ለቀድሞ ባለቤቶቹም አልተመለሰም። የ1987ቱ ቆጠራ ሲደረግ ከከተማይቱ ዐሥር ቤቶች አራት ያህሉ የቀበሌ ነበሩ። ከመንገዱ ማዶ የግል አከራይ በመቶዎች ሲጠይቅ፣ ከወዲህ ያለው ተከራይ እንደ አባቱ ጥቂት ብር እየከፈለ ይኖር ነበር። ኪራዩን ከፍ ማድረግ ማለት የድኻውን ቤት መንካት ስለሆነ የደፈረ አልተገኘም፤ ሳይደፍሩ መቅረታቸውም የሚያስወቅሳቸው አይመስልም። ጥፋቱ ያለው ከኪራዩ የጎደለውን የማደሻ ገንዘብ ከሌላ ቦታ ለማምጣት አለመታሰቡ ላይ ነው። ከተማይቱ ለድኻ ነዋሪዎቿ ድጎማ እየሰጠች ነበር፤ ድጎማውን ግን ከበጀቷ ሳይሆን ከምሰሶውና ከቆርቆሮው ዕድሜ ላይ ትከፍል ነበር።

በ1996 ዓ.ም. በአቶ አርከበ ዕቁባይ የሚመራው የከተማው አስተዳደር ከጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጋር በቦሌ ገርጂ የሙከራ ቤቶች አሠራ፤ የጋራ ሕንጻ ባለቤትነትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 370/1995 መንገዱን አስቀድሞ ጠርጎለት ነበር። ብሎኬትና ተገጣጣሚ የወለል ተሸካሚ በመጠቀም ወጪን መቀነስ ይቻላል የሚለው የባለሙያዎቹ ሐሳብ በሥራ ታየ። በ1997 ዓ.ም. ምዝገባ ሲከፈት ከ450 ሺህ የሚበልጥ ሰው ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ ምድርና አራት ፎቅ የሆኑት ሕንጻዎች በከተማይቱ ዳርና ዳር ተተከሉ፤ ቤቱም በዕጣ ይሰጥ ጀመር። በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበትና እንጀራ የሚጋገርበት የጋራ ቤት በየግቢው መታሰቡ ነዳፊዎቹ ባለ ቤቶቹን ጨርሰው እንዳልረሷቸው ያሳያል። በሥራው ብዙ ሺህ ወጣት ሥራ ተቋራጭ ሆነ፤ ሙያም ተማረ። ይሁን እንጂ በአገር አቀፍ ደረጃ ታስቦ ከነበረው 400 ሺህ ቤት እስከ 2002 ዓ.ም. ግማሹ እንኳ አልደረሰም፤ በክልል ከተሞች ደግሞ ገዢው የመክፈል አቅም ስላጣ መርሐ ግብሩ በዚያው ዓመት ቆመ። በ2005 ዓ.ም. በ10/90፣ በ20/80 እና በ40/60 ስም ዳግም ምዝገባ ሲደረግ የተመዝጋቢው ቁጥር አንድ ሚሊዮን ያህል ሆነ።

ከቀበሌ ቤት ታሪክ አንጻር ሲታይ የኮንዶሚኒየሙ ነገር አንድ ትልቅ ጥያቄ አለበት። የቀበሌው ተከራይ የሚከፍለው በወር ጥቂት ብር ነው። ኮንዶሚኒየም ለመያዝ በ20/80ው ሥርዓት የዋጋውን አንድ አምስተኛ በቅድሚያ መክፈል፣ የቀረውን በባንክ ብድር ለዓመታት መመለስ ይኖርበታል። ዕጣ የደረሳት ልብስ አጣቢ የመጀመሪያውን ክፍያ ከእቁብና ከዘመድ ተበድራ ብትከፍል እንኳ የወሩን የባንክ ዕዳ ከየት ታመጣለች? ብዙዎች የደረሳቸውን ቤት ለሌላ አከራይተው ራሳቸው ወደ ባሰ ጎጆ የገቡት በዚህ ምክንያት ነው። ቤቱ ለድኻ ታስቦ ተሠራ፤ ከድኻው በላይ ያለው ሰው ኖረበት። የኮንዶሚኒየሙ ገንዘብ ሠሪዎች የባለቤትነትን ነገር አጥብቀው ሲይዙ፣ ጥሩ ሆኖ የሚታደስ፣ በመጠነኛ ዋጋ የሚከራይ ቤትን እንደ ሌላ መንገድ ብዙም አላሰቡበትም። የቀበሌ ቤት መጥፎ ስም ኪራይን ራሱን መጥፎ ስም ያሰጠው ይመስላል።

የቀበሌው ክፍል ዋጋ በግድግዳው ውስጥ አልነበረም፤ በቦታው ነበር። ቡና ቆልታ የምታፈላ፣ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት የምታቀርብ፣ መርካቶ ሸክም የሚያነሣ ሰው ሥራው በእግሩ ከሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። የከተማይቱ መሐል ሲፈርስ ይህ በግልጽ ታየ። በልደታ በ2002 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው የመልሶ ማልማት ሥራ የቀበሌውን ተከራይ ሌላ የቀበሌ ቤት ወይም ቅድሚያ ክፍያውን ከቻለ ኮንዶሚኒየም እንዲመርጥ አደረገው። የግል ባለ ይዞታው ምትክ ቦታና ካሣ ሲቀበል፣ በዚያው ሠፈር ሠላሳ ዓመት የኖረው ተከራይ ካሣ የሚከፈልበት ንብረት አልነበረውም። የ1967ቱ አዋጅ ከአከራይ አስጥሎ ዋስትና የሰጠው ሰው፣ ከራሱ ከመንግሥት የሚያስጥለው አላገኘም።

በ2016 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ተከታትለው መጡ። አንደኛው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። አዋጁ የግል አከራይና ተከራይ ውላቸውን በጽሑፍ አድርገው እንዲያስመዘግቡ፣ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ብቻ እንዲደረግ ይደነግጋል። ኪራይን ሳይቆርጥ ጭማሪውን ይወስናል፤ ቤቱንም ለባለቤቱ ይተዋል። በዚህም ከአዋጅ ቁጥር 47 ይለያል። አከራዩ ለማደሻ የሚሆነውን ጥቅም ሲያገኝ ተከራዩ ከድንገተኛ ጭማሪ ይድን እንደሆነ በሚወሰነው መጠን ይታወቃል። መጠኑ ከዕቃ ዋጋ እጅግ ወደ ኋላ የቀረ እንደሆነ የጭቃው ቤት ታሪክ በብሎኬት ቤት ላይ ሊደገም ይችላል።

ሁለተኛው የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ነው። በዚያው ዓመት በፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ በካዛንቺስ ብዙ የቀበሌ ቤቶች ፈረሱ። ከካዛንቺስ የተነሡት አያሌ ቤተሰቦች በከተማይቱ ደቡብ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በገላን ጉራ በተሠሩላቸው ቤቶች ገቡ። ቤቶቹ ከለቀቋቸው ክፍሎች የጠነከሩ ናቸው፤ ግድግዳቸው በየክረምቱ ምርጊት አያሻውም። ቡና ታፈላ የነበረችው ሴት ግን ደንበኞቿ ያሉት ካዛንቺስ ነው፤ እዚያ ደርሶ ለመመለስ በቀን የሚከፈለው የታክሲ ሒሳብ፣ በቀድሞው ክፍሏ ለአንድ ወር ትከፍለው ከነበረው ኪራይ ይበልጣል።